ልጄ ያገኘቻት ላባ የማን ናት? ዶሮስ ለምን አትበርም?

የቀሃዋ እናት
ቅዳሜ ማታ 2:40

ሰላም ጎንደሮች፣ እንዴት አመሻችሁ።

ዛሬ ጠዋት ከልጄ ጋር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተሳልመን ስንወጣ ከጥዱ ሥር አንዲት ላባ አገኘች። ትልቅ ናት። ከልጄ ክርን ተነስታ የጣቷን ጫፍ ታልፋለች። ጥቁር ቡናማ ነገር ናት፤ ፀሐይ ላይ ሲያዟት ትንሽ ታብለጨልጫለች። ጫፏ ግን ገረመኝ። እስከ ግማሿ ሰፋ ብላ ትመጣና ድንገት ቅጥን ትላለች፤ አንድ ሰው በመቀስ የቀነሰላት ይመስላል። ቤት አምጥተን የሽንኩርት ሚዛን ላይ ብናስቀምጣት መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። አንደኛው የማን ላባ ናት የሚል ነው። እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ሁለተኛው ግን አፌን አስያዘኝ። «የእኛ ዶሮ ክንፍም ላባም አላት፤ ለምን አትበርም?» አለችኝ። «ስለምትከብድ ነው» አልኳት። «ጥንብ አንሳ ከዶሮ አይከብድም እንዴ?»

እስካሁን አልመለስኩላትም። የምታውቁ ንገሩኝ። ነገ ስትነሳ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

መምህሩ
ቅዳሜ ማታ 3:25

እህቴ፣ ልጅሽን ሳሚልኝ። ባዮሎጂ ሳስተምር ስንት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ ተማሪ ጥቂት ነው።

እውነቷን ነው። ጥንብ አንሳ ከዶሮ በጣም ይከብዳል። እኛ አገር ካሉት ትልልቆቹ 7 እና 8 ኪሎ ይደርሳሉ። የሐበሻ ዶሮ 2 ኪሎ ከሞላች ጎሽ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ኪሎ?» አይደለም። «ያ ኪሎ በስንት ክንፍ ላይ አረፈ?» ነው። የጥንብ አንሳው ክንፍ ሲዘረጋ ከጫፍ ጫፍ ከ2 ሜትር ያልፋል። በቤትሽ በር ዘርግቶ አይገባም። የዶሮዋን ክንፍ ግን በሁለት እጅሽ ትሸፍኚዋለሽ።

ዶሮ ደግሞ ዘሯ ከእስያ ጫካ ነው። ቅድመ አያቶቿ መሬት እየጫሩ የሚበሉ ወፎች ነበሩ። አውሬ ሲመጣባቸው ቱር ብለው ዛፍ ላይ መውጣት ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ለዚህ አጭርና ሰፊ ክንፍ፣ በአንዴ የሚፈነዳ ጉልበት ይበቃል። ቆቅ ከእግርሽ ሥር ፍርርር ብላ ስትነሳ አይተሽ ታውቂያለሽ። ትንሽ ርቃ ታርፋለች፤ ከዚያ በእግሯ ነው የምትሮጠው። ዶሮም እንደዚያው ናት። ማታ ማታ ቆጥ ላይ የምትወጣው ያ የጫካ ጠባይ ስላልለቀቃት ነው።

ልዩነቱ ሥጋዋ ላይም ይታያል። የዶሮ ደረት ነጭ ነው። ነጭ ጡንቻ ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎ ይደክማል። እግሯ ግን ጠቆር ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ስለምትሄድበት። ርቃ የምትበር ወፍ ተገላቢጦሽ ናት። እርግብ አናርድምና አላየነውም እንጂ ደረቷ ጥቁር ቀይ ነው።

አሁን ላባዋን በተመለከተ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ዘንጉን አገላብጣችሁ እዩ። በአንደኛው ጎኑ እንደ ቦይ የተሰነጠቀ ነገር አለው። ያ ቦይ የታች ጎን ነው። እሱን ወደ መሬት አድርጋችሁ፣ ጫፏን ከእናንተ አርቃችሁ ያዟት። ከዘንጉ ግራና ቀኝ ካለው የቱ ጠባብ ነው? ይህን ንገሩኝና እቀጥላለሁ።

ወጥ ቤቴ
ቅዳሜ ማታ 3:50

ልጆቼ፣ እኔ የተማርኩት ነገር የለም። ዶሮ በመበለት ግን የሚበልጠኝ ካለ ይምጣ። ለፋሲካ ብቻ ስንቱን ገነጣጥያለሁ።

ልጅ ሆነን እናታችን ዶሮ ስትሠራ እግሩን ትወረውርልን ነበር። ከተቆረጠበት በኩል ነጭ ጅማት ብቅ ብሎ ይታያል። እሱን በጥርሳችን ነክሰን ስንስበው የዶሮዋ ጣቶች ኩምትር ይላሉ። ስንለቀው ይዘረጋሉ። በዚያ እርስ በርሳችን ስንቧጨር እንውል ነበር። የልጅ ልጆቼም ያው ናቸው።

መምህር፣ ይህ ጅማት ለምንድን ነው? ደግሞ ያቺ ውስጧ ጠጠር ሞልቶ የምናገኛት፣ ቢጫ ሽፋኗን ልጠን የምንጥላት ነገርስ? ዶሮ ጠጠር የምትበላው ለምንድን ነው? ስንት ዘመን ሳጥባት ኖሬ አንድ ቀን ሰው ጠይቄ አላውቅም።

መምህሩ
ቅዳሜ ማታ 4:20

እማማ፣ እርስዎ የእኔን ቤተ ሙከራ ወጥ ቤትዎ ውስጥ ይዘውታል።

ያ ጅማት ከላይኛው እግሯ ጡንቻ ተነስቶ በቁርጭምጭሚቷ ኋላ ዞሮ ጣቶቿ ድረስ ይወርዳል። ወፍ እንጨት ላይ ስትቀመጥ እግሯ ይታጠፋል። እግሯ ሲታጠፍ ጅማቱ ይወጠራል። ጅማቱ ሲወጠር ጣቶቿ እንጨቱን ጭብጥ ያደርጋሉ። ብዙ ጉልበት አታወጣም፤ የራሷ ክብደት ይቆልፍላታል ተብሎ ይታሰባል። ሌሊት ነፋስ ቅርንጫፉን ሲወዘውዘው ተኝታ እንዳትወድቅም ይረዳታል ይባላል። ለመነሳት ስትፈልግ እግሯን ቀጥ ታደርጋለች፤ ይፈታል። በልጅነትዎ በጥርስዎ ይስቡት የነበረው ይህንን መቆለፊያ ነው።

ጠጠሩ ጥርሷ ነው። ወፍ ጥርስ የላትም። ጥርስ ከባድ ነው፣ እሱን የሚሸከም መንጋጋም ከባድ ነው፤ ሁለቱም ጭንቅላት ላይ ናቸው። በራሪ አካል ደግሞ ጫፉ ላይ ክብደት አይፈልግም። ስለዚህ የመፍጨቱ ሥራ ወደ ሆዷ ወረደ፣ መሃል ላይ ተቀመጠ። እህሉ መጀመሪያ አንገቷ ሥር ያለው ቋት ውስጥ ይቆያል። አመሻሽ ላይ ዶሮዋን ዳበስ ቢያደርጉ ደረቷ ጋ ጉብ ብሎ ያገኙታል። ከዚያ ወርዶ እርስዎ የሚያጥቧት ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ከጠጠሩ ጋር ይታሻል፣ ይፈጫል። የቤት ወፍጮ ነው፤ መጁ ጠጠሩ፣ ጉልበቱ ጡንቻው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። የዶሮዋን ደረት ሲገፉ ከትልቁ ሥጋ ሥር ተደብቃ የምትገኝ፣ መሃሏ ላይ ነጭ ጅማት ያላት ቀጭን ሥጋ አለች አይደል? ትልቁ ሥጋ ክንፍን ወደ ታች ይመታል። ትንሿ ደግሞ ክንፍን ወደ ላይ ታነሳለች። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡት። ክንፍ የሚያነሳው ጡንቻ ጀርባ ላይ ነው የሚጠበቀው። ግን ደረት ላይ ነው ያለው! የትንሿ ሥጋ ጅማት ሽቅብ ወጥቶ ትከሻ ላይ ሦስት አጥንቶች ተገናኝተው በሠሩት ቀዳዳ ያልፍና ክንፉን ከላይ ይይዘዋል። የጉድጓድ ውኃ በመዘውር እንደምንስበው ማለት ነው፤ ገመዱ ወደ ታች ይሳባል፣ ባልዲው ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ የተነሳ ከባዱ ሥጋ ሁሉ ከታች ሆነ። ወፏ አየር ላይ አትገለበጥም።

ያ ሁሉ ሥጋ የሚይዘው ደረቷ ላይ እንደ ማረሻ ወጣ ብሎ የቆመው ስስ አጥንት ነው። በደንብ በሚበሩ ወፎች የደረት ጡንቻ ብቻውን ከሰውነታቸው ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶ ይሆናል። ሰጎን ያ ወጣ ያለ አጥንት የላትም፤ ደረቷ ዝርግ ነው።

አዘዞ ሰፈሬ
እሁድ ጠዋት 1:30

ጥሩ ጨዋታ ነው። ግን ዋናውን ረሳችሁት። ወፍ የምትበረው አጥንቷ እንደ ሸምበቆ ባዶ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ቀላል ናት። ትምህርት ቤት የተማርነው ይህንን ነው።

መምህሩ
እሁድ ጠዋት 2:05

ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነው። ባዶነቱ እውነት ነው። ትልልቆቹን አጥንቶች ብትሰነጥቃቸው ውስጣቸው አየር ነው፤ እንዳይታጠፉም ከወዲያ ወዲህ የተጋደሙ ቀጫጭን ድጋፎች አሏቸው። የቤት ጣሪያ ውስጥ እንደምታያቸው አጋዳሚ እንጨቶች።

ግን የወፍ አጽም በጠቅላላው ተመዝኖ እኩያዋ ከሆነ አጥቢ እንስሳ አጽም ጋር ሲነጻጸር ያን ያህል አይቀልም። አጥንቱ ራሱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጠንካራ ነው። ብዙ ቦታም ተጋጥሞ አንድ ሆኗል፤ ጀርባዋ እንደ እኛ አይተጣጠፍም። ስለዚህ ባዶው አጥንት የሚሰጣት ዋና ነገር ጥንካሬ ነው። ክንፍ በተመታ ቁጥር የሚመጣውን ጫና ይችላል።

ቅለቱን ከሌላ ቦታ ታመጣዋለች። ጥርስ የለም ብለናል። ፊኛ የለም፤ ሽንቷ እንደ ነጭ ሊጥ ሆኖ ከኩሷ ጋር ይወጣል። አብዛኞቹ ሴት ወፎች የሚሠራላቸው የግራው እንቁልጢ (እንቁላል የሚያፈራው አካል) ብቻ ነው። እንደ እኛ ጽንስ ተሸክማ አትከርምም፤ እንቁላል ጥላ ትገላገላለች።

ደባርቄው
እሁድ ቀን 7:10

ሰላም ናችሁ። እኔ ሥራዬ እንግዳ ይዤ ሰሜን ተራሮች መውጣት ነው። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስደርስ ይህን አየሁት፤ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

እህቴ፣ «ጫፏ ድንገት ይቀጥናል» ያልሽው ላባ የአንሳፋፊ ወፍ የክንፍ ጫፍ ነው። ትልቁ ጥንብ አንሳ ከላያችሁ ሲያልፍ ክንፉን ልብ ብላችሁ እዩ። ጫፉ እንደ ተዘረጋ የእጅ ጣት ተከፋፍሎ ይታያል። በየጣቱ መሃል ሰማይ ይታያል። ያ ክፍተት የሚፈጠረው እያንዳንዱ ላባ ጫፉ ላይ ስለሚቀጥን ነው።

ጠዋት በብርዱ ትልልቆቹ አይነሱም። ገደሉ ላይ ክንፋቸውን አንጠልጥለው ፀሐይ ይሞቃሉ። 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ዓለቱ ይግላል። የሞቀው አየር ሽቅብ ይነሳል። ያኔ አንዱ ይወርድና ይዘረጋል፣ መዞር ይጀምራል። እየዞረ እየዞረ ነጥብ ሆኖ ይጠፋል። ክንፉን አንዴ እንኳ አያርገበግብም። ቆሞ በሚወጣ አየር ላይ ተሳፍሮ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው 8 ኪሎው የማይከብደው። ዶሮ በጉልበቷ ትነሳለች፤ እሱ በፀሐይ ጉልበት ይነሳል።

የእኔ ግን የልቤ ወፍ አጥንት የሚበላው ነው። አገጩ ላይ እንደ ፂም ጥቁር ፀጉር የወረደለት፣ ደረቱ ቀላ ያለ፣ ጭራው እንደ ጦር ጫፍ የሾለ። ሌሎቹ ሥጋውን ጨርሰው ሲሄዱ እሱ ይመጣል። ባለፈው ዓመት በቅርብ አየሁት፤ ከእኔ 20 እርምጃ አይርቅም። የበግ ቅልጥም በጥፍሩ ይዞ ተነሳ። ገደሉን ተከትሎ ከፍ ከፍ አለ። ከታች የተነጠፈ ዓለት አለ፤ እዚያ ላይ ለቀቀው። ቋ! የሚል ድምፅ ሰማን። አልተሰበረም። ወርዶ አነሳው፣ ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ ለቀቀው። በሦስተኛው ተሰነጠቀ። ከዚያ ስባሪውን አንገቱን ቀጥ አድርጎ ዋጠው። እንደ ጩቤ የሾለ አጥንት ነበር። እንግዶቼ ጉሮሮውን ይወጋዋል ብለው ደነገጡ። ምንም አልሆነም። የጨጓራው አሲድ አጥንት የሚያቀልጥ ነው። አብዛኛው ምግቡ አጥንትና መቅኔ ነው። ሌላው ሁሉ ትቶት የሚሄደውን ማዕድ ብቻውን ይዞታል።

ሌላው ደግሞ ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ ነው። ጎንደርም አለ፣ ታውቁታላችሁ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት ጥቁር ቁራ። በዓለም ላይ የሚኖረው በእኛ አካባቢ ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ትንሽ ወደ ሶማሌ። ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ ነው። ኩበት አጠገብ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ምንቃሩን እንደ ማጭድ ወዲያ ወዲህ ይወረውረዋል። ኩበቱ ይበተናል። ትሉን ለቅሞ ይበላል።

ቄራ ሰፈር
እሁድ ማታ 1:15

ሁላችሁም ስታሞግሱ ዋላችሁ። እኛ ቄራ አጠገብ የምንኖር ግን ሌላ ታሪክ አለን። ጥንብ አንሳው ቆርቆሮ ላይ ሠፍሮ ይውላል። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ መላጣ። ሽታ ከሰማ ከየትም ይመጣል። ልጆች ይፈሩታል። እኔም ሳየው ደስ አይለኝም። ይቅርታ፣ የተሰማኝን ነው የጻፍኩት።

መምህሩ
እሁድ ማታ 2:00

ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል፤ አጠገቡ የሚኖር ሰው ነው የሚያውቀው። ግን ሦስት ነገር ልንገርህ።

መጀመሪያ፣ የእኛ ጥንብ አንሳዎች ሽታ ተከትለው አይመጡም። በዓይን ነው የሚመጡት። በአሜሪካ አህጉር በአፍንጫው የሚፈልግ ዓይነት አለ፤ የአፍሪካዎቹ ግን አይደሉም። ሰማይ ላይ ተራርቀው ይዞራሉ። አንዱ ምግብ አይቶ ሲወርድ ጎረቤቱ ያየዋል፣ ይከተለዋል። የእሱን ደግሞ ሌላው ያያል። በጥቂት ደቂቃ ከየአድማሱ ይሰበሰባሉ።

ሁለተኛ፣ መላጣነቱ ንጽሕናው ነው። አንገቱን የሬሳ ሆድ ውስጥ የሚያስገባ ወፍ አንገቱ ላባ ቢኖረው ደም ይጋገርበት ነበር። ራሱ ላይ ላባ ስለሌለ ፀሐይ ያደርቀዋል። ሙቀት ለማስወጣትም ይጠቅመዋል።

ሦስተኛ፣ ሁሉም አንድ አይደሉም። አንተ ቆርቆሮ ላይ የምታየው አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ፣ ምንቃሩ ቀጭን የሆነው ነው። ያ ቀጭን ምንቃር አጥንት ሥር የቀረችውን ቁራጭ እንደ ወስፌ እያወጣ ለመልቀም ነው። ወፍራም ቆዳ መቅደድ አይችልም። ቆዳውን የሚከፍተው ሌላ ነው፤ ጆሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት፣ ምንቃረ ግዙፉ። አንገተ ረጅሞቹ በተከፈተው ገብተው ሥጋውን ይጎትታሉ። ከዚያ ቀጭኑ ይለቅማል። መጨረሻ ላይ የደባርቄው ወዳጃችን አጥንት በሊታ ይመጣል። አንድ በሬ ላይ አራት ዓይነት ምንቃር፣ አራት ዓይነት ሥራ።

ይህ ሁሉ ባይኖር ያ ጥንብ የት ይሄድ ነበር? ውሻና አይጥ ይበዛበት ነበር። ሆዳቸው ውስጥ ያለው አሲድ ሌላውን እንስሳ የሚገድለውን ብዙ ጀርም ይፈጀዋል። እጅግ የሚያሳዝነኝ ግን ቁጥራቸው መመናመኑ ነው። አንተ ቆርቆሮ ላይ የምታየው ትንሹም፣ አንገተ ረጅሙ ትልቁም በዓለም ደረጃ ሊጠፉ በቋፍ ካሉት መዝገብ ገብተዋል። ለጅብና ለውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚነሰነስ መርዝ አንዱ ገዳያቸው ነው። አንድ የተመረዘ ሬሳ ስንቱን በአንድ ቀን ይዞ ይሄዳል።

ቄራ ሰፈር
እሁድ ማታ 2:20

መርዙን አውቃለሁ መምህር። እኛ ጋ ዓምና ለውሻ ተብሎ ተደረገና በማግስቱ ሰባት ጥንብ አንሳ ወድቆ አየሁ። ከመርዙ ጋር አላገናኘሁትም ነበር። አመሰግናለሁ።

ጎርጎሬ
ሰኞ ጠዋት 3:40

እናንተ የደጋውን ይዛችሁ ቀራችሁ፤ የጣናን ወፍ ማን ይናገርለት?

ፔሊካንን ብዙ ሰው ከምንቃሩ ሥር ባለው ከረጢት ዓሣ ተሸክሞ የሚሄድ ይመስለዋል። አይደለም። ከረጢቱ መረብ ነው። ከ10 ሊትር በላይ ውኃ ከነዓሣው ይዝቃል። ከዚያ ምንቃሩን ደረቱ ላይ ጣል አድርጎ ውኃውን ያፈስሳል። ዓሣው ይቀራል፤ ይውጠዋል። ነጮቹ ፔሊካኖች ብቻቸውን አይሠሩም። ግማሽ ክብ ሠርተው ዓሣውን ወደ ዳር ይነዱታል። ሁሉም በአንዴ ራሳቸውን ውኃ ውስጥ ይከታሉ። እኛ ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ስንጥል የምናደርገውን ነው የሚያደርጉት።

ቄጠማውና ተንሳፋፊው ቅጠል ላይ ደግሞ እየረገጠች የምትሄድ ቀይ ቡናማ ወፍ አለች። ጣቶቿ ከሰውነቷ ጋር አይመጣጠኑም፣ ሲበዛ ረጃጅም ናቸው። ክብደቷ ስለሚበተን ቅጠሉ አይሰምጥም።

ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ ዓሣ አዳኝ ደግሞ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ታርገበግባለች። ራሷ አይነቃነቅም፤ ክንፏ ብቻ ነው። ድንገት እንደ ተወረወረ ጩቤ ትወርዳለች። ምንቃሯ ሹልና ቀጥ ያለ ስለሆነ ውኃው ብዙም አይረጭም።

ወጥ ቤቴ
ሰኞ ቀን 6:30

የጓሮዬንም ልናገር። እሬቱ ሲያብብ አንዲት የምታብረቀርቅ ትንሽ ወፍ ትመጣለች፤ ምንቃሯ እንደ መስፊያ መርፌ ቀጭን፣ ትንሽ ወደ ታች የታጠፈ። አበባው ውስጥ ትከተዋለች። ንብ ናት ወይስ ወፍ ብዬ ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻታለሁ።

መምህሩ
ሰኞ ቀን 8:15

እማማ፣ ወፍ ናት፤ የአበባ ማር ጠጪ። ምላሷ ረጅም ነው፣ ጫፉ እንደ ቱቦ ነው፤ በእሱ ትመጣዋለች። የምንቃሯ ጥምዝ ከአበባው ጥምዝ ጋር ይገጥማል። ስትጠጣ ግንባሯ ላይ ብናኝ ይነካታል፣ ለሚቀጥለው አበባ ታደርሰዋለች። ከእነዚህ ወፎች አንዷ በዓለም ሳይንስ ዘንድ ስሟ «ተከዜ» ነው። የእኛው ወንዝ ስም። ደጋ ላይ ትኖራለች፤ ወንዱ ሐምራዊ ብልጭልጭ፣ ጭራው መሃል ሁለት ረጃጅም ላባ የወጣለት። እርስዎ ጓሮ የምትመጣው እሷ ትሁን ሌላ፣ ጭራውን አይተው ይንገሩኝ።

አዘዞ ሰፈሬ
ሰኞ ማታ 1:50

መምህር፣ አንድ ያልገባኝ። እኛ ደባርቅ ስንወጣ እንኳ ትንፋሽ ያጥረናል። እነዚህ ያን ያህል ሰማይ ላይ ወጥተው ምን ይተነፍሳሉ?

መምህሩ
ሰኞ ማታ 2:35

ይህ ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ነው።

እኛ አየር እናስገባለን፣ በዚያው በር እናስወጣለን። አሮጌውና አዲሱ አየር ሳንባችን ውስጥ ይቀላቀላል። ወፍ ግን ከሳንባዋ ሌላ የአየር ከረጢቶች አሏት፤ አብዛኞቹ ዘጠኝ። ደረቷ ውስጥ፣ ሆዷ ውስጥ፣ አንዳንዴ አጥንቷ ድረስ ይገባሉ። ስትስብ ንጹሑ አየር አብዛኛው ወደ ኋላ ከረጢቶች ያልፋል። ስታስወጣ ከእነሱ በሳንባዋ በኩል ይሄዳል። ስለዚህ ስትስብም ስታስወጣም ሳንባዋ ውስጥ ንጹሕ አየር በአንድ አቅጣጫ እየፈሰሰ ነው። እንደ ወንዝ፣ እንደ ቀሃ። የእኛ ሳንባ ኩሬ ነው።

በ1973 በፈረንጆች አቆጣጠር አይቮሪ ኮስት ውስጥ አቢጃን ላይ አንድ አውሮፕላን 11,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከወፍ ጋር ተጋጨ። በተገኙት ላባዎች ወፉ ተለየ። ከቅድም አንገተ ረጅሞች አንዱ፣ የሩፔል ጥንብ አንሳ ነበር። ይህ ወፍ የእኛም አገር ነዋሪ ነው። ስሙን ያገኘበት ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ የሰሜን ተራሮችን አቋርጦ ጎንደር ድረስ የመጣ ጀርመናዊ ተፈጥሮ አጥኚ ነው። ደባርቄው የነገረንን ምንቃረ ወፍራም ቁራም ለዓለም ሳይንስ መጀመሪያ የጻፈው እሱ ነው። አባቶቻችን ከዚያ በፊት ስንት ሺህ ዓመት ሲያዩት ኖረዋል፣ ያ የታወቀ ነው።

የቀሃዋ እናት
ማክሰኞ ማታ 2:10

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ግን እኔና ልጄ ሁሉንም ማታ ማታ ስናነብ ነበር።

ላባዋን እንዳሉት ያዝናት። መጀመሪያ ግን ልጄ አበላሸቻት። ጣቷን ስትሰነቅር ተሰነጠቀች፤ አለቀሰች። እኔም ደነገጥኩ። ከዚያ በሁለት ጣቴ ከታች ወደ ላይ ደባበስ ባደርጋት ስንጥቁ ጠፋ! እንደ ዚፕ ተዘጋ። እንደገና ሰነጠቅናት፣ እንደገና ዘጋናት። ልጄ አሁን ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይህንን ስታሳይ ውላለች።

ሌላም አየን። ጠዋት ለዶሮዎቹ ውኃ ስንሰጥ አንዲት እርግብ መጣች። ዶሮዋ ጎንጨት ታደርግና ራሷን ወደ ሰማይ ቀና ታደርጋለች፣ ውኃው እንዲወርድላት። እርግቧ ግን ምንቃሯን ከታ ሳታነሳ ስትመጥ ቆየች። ልጄ ናት ያየችው። ለስንት ዓመት ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ እኔ አላስተዋልኩም።

መምህሩ
ማክሰኞ ማታ 2:25

ልክ አይታለች። እርግብና ዋኖስ እንደዚያ መምጠጥ ከሚችሉት ጥቂት ወፎች ናቸው። አብዛኞቹ እንደ ዶሮዋ ናቸው።

ዚፑም ትክክል ነው። ከዘንጉ የሚወጣው እያንዳንዱ ክር ሌሎች ደቃቅ ክሮች አሉት፤ እነሱ ደግሞ በዓይን የማይታዩ መንጠቆዎች አሏቸው። አንዱ ሌላውን ይይዛል። ወፍ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ላባዋን በምንቃሯ ስትስብ የምታዩት ያንን ስትዘጋ ነው። አብዛኞቹ ከጭራቸው ሥር ካለች እጢ ቅባት እየነኩ ይቀቡታል።

አሁን ንገሩኝ። ጠባቡ ጎን በየት በኩል ነው?

የቀሃዋ እናት
ማክሰኞ ማታ 2:40

ቦዩ ወደ ታች፣ ጫፏ ከእኛ ራቅ ብላ። ጠባቡ በግራ በኩል ነው። የቀኙ ሦስት እጥፍ ይሰፋል።

መምህሩ
ማክሰኞ ማታ 2:48

ጠባቡ ጎን ነፋሱን የሚቀድደው ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ፊት ነው የሚሆነው። ሰፊው ወደ ኋላ ይተኛል። ላባዋን ይዛ እጇን እንደ ክንፍ ትዘርጋ፤ ጫፏ ወደ ውጭ፣ ቦዩ ወደ ታች፣ ጠባቡ ወደ ፊት ይሁን። በየትኛው እጇ ነው የሚገጥመው?

የቀሃዋ እናት
ማክሰኞ ማታ 2:55

በግራ ሞከረች፤ ጠባቡ ወደ ኋላ ሆነባት። ወደ ቀኝ እጇ አዛወረችው፣ ገጠመ። አሁን ቀኝ ክንዷን ዘርግታ ሳሎን ውስጥ እየዞረች ነው። አታርገበግብም። እየተንሳፈፈች ነው።